ባክቴሪያ በካታሎግ ቁጥር፦ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካለ አስመጪ ያዘዝናቸው አራት አምፑሎች

ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲኬድ በሚያጋጥሙት የመድኃኒትና የሕክምና መገልገያ መደብሮች መካከል፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ምንጫቸውና ማንነታቸው የታወቀ ባክቴሪያዎችን ለላቦራቶሪዎች በትእዛዝ የሚያስመጣ አነስተኛ ድርጅት አለ። ሜክሲኮ አካባቢ የሚገኘው የምግብና የውኃ መመርመሪያ ላቦራቶሪያችን ከዚህ ድርጅት አራት አምፑል ባክቴሪያ አዝዞ ሦስቱን እንደታዘዙት፣ አራተኛውን ግን በሌላ ተተክቶ ተረክቧል። የአራተኛው ጉዳይ በእኛና በእነሱ መካከል ገና ስላልተቋጨ የድርጅቱን ስም መጥቀስ ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም። ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል ሰጥቻለሁ። ነጥቡን ከፍ ያደረገልኝ ትእዛዙን የተቀበለችው ባለሙያ ያቀረበችልን አንድ ጥያቄ ሲሆን፣ ዝቅ ያደረገብኝ ደግሞ ያው ጥያቄ ወደ ግዢ ክፍላቸው ሳይደርስ መቅረቱ ነው።

ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። አምፑሉ ውስጥ ያለው በቅዝቃዜ የደረቀ፣ ሲያዩት የወተት ዱቄት የሚመስል ቁራጭ ነው፤ ጥቂት የምግብ ፈሳሽ ጠብ ሲደረግበት ተኝተው የነበሩት ባክቴሪያዎች ይነቃሉ። የሚሸጠው ታዲያ «ኢ. ኮላይ» ወይም «ስታፊሎኮከስ» የሚባል ዝርያ በጥቅሉ ሳይሆን ስትሬይን ነው፤ ማለትም አንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ ከአንድ ናሙና ተለይቶ ወጥቶ ንጹሕ ሆኖ ሲራባ የቆየ አንድ የዘር ሐረግ ነው። በአንድ ዝርያ ሥር እጅግ ብዙ ስትሬይኖች ስላሉ፣ የዝርያውን ስም ብቻ ጽፎ ማዘዝ «አንድ አበሻ ላኩልኝ» ብሎ ደብዳቤ እንደመጻፍ ይቆጠራል። ስትሬይኑን ለይቶ የሚያሳውቀው የተቀመጠበት ክምችት፣ ማለትም ባክቴሪያዎችን ጠብቆ የሚያኖርና ለላቦራቶሪዎች የሚያቀርብ ተቋም፣ የሰጠው ቁጥር ነው። በዚህ ሥራ ከሚታወቁት ክምችቶች መካከል እ.ኤ.አ. በ1920 የተቋቋመው የእንግሊዙ ኤንሲቲሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 የተመሠረተው የአሜሪካው ኤቲሲሲ እና በጀርመን ብራውንሽቫይግ ከተማ የሚገኘው ዲኤስኤምዜድ ይገኙበታል። በእኛ ከተማ ላቦራቶሪዎች ግን «ኤቲሲሲ» የሚለው ስም የክምችቱ መሆኑ ተረስቶ የዕቃው ስም ሆኗል፤ «ኤቲሲሲ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው።

ከመሄዳችን በፊት በራሳችን ቢሮ ውስጥ ክርክር ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ካታሎጉን ሲያገላብጡ በአንዳንዶቹ ቁጥሮች ጎን «ታይፕ ስትሬይን» የሚል ማስታወሻ ተመለከቱና፣ ታይፕ የተባለው ካለ ሬፈረንስ የሚባለውን ለምን እንገዛለን የሚል ጥያቄ አነሡ። ጥያቄው የዋህ ቢመስልም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ታይፕ» የሚለው ቃል ዋናውን፣ ምርጡን ወይም የዝርያው ሞዴል የሆነውን የሚያመለክት ይመስላልና። ዓለም አቀፉ የፕሮካርዮቶች (የባክቴሪያዎችና የመሰሎቻቸው) ስያሜ ደንብ የሚለው ሌላ ነው። ታይፕ ስትሬይን ማለት የዝርያው ስም ለዘለቄታው የታሰረበት ስትሬይን ነው፤ ደንቡም ይህ ስትሬይን የዝርያውን ጠባይ ከሁሉ በላይ የሚወክል መሆን እንደማያስፈልገው በግልጽ ያስቀምጣል። አንድ ዝርያ ነገ ለሁለት ቢከፈል፣ የድሮውን ስም ይዞ የሚሄደው ታይፕ ስትሬይኑ ያለበት ወገን ነው፤ ሌላው ወገን አዲስ ስም ይፈለግለታል። ሬፈረንስ ስትሬይን በበኩሉ ለማነጻጸሪያ የሚያገለግል ታይፕ ያልሆነ ስትሬይን ሲሆን፣ ደንቡ በስያሜ ጉዳይ ምንም ሥልጣን አልሰጠውም። ሥልጣን ስለሌለው ግን ጥቅሙ አነስተኛ ነው ማለት አይደለም፤ የሁለቱ ሥራ የተለያየ ነው።

ይህን ለሥራ አስኪያጃችን ያስረዳሁት በኢ. ኮላይ ምሳሌ ነበር። የዝርያው ታይፕ ስትሬይን ዩ5/41 የሚባለው ሲሆን፣ በአሜሪካው ክምችት ኤቲሲሲ 11775፣ በጀርመኑ ዲኤስኤም 30083፣ በእንግሊዙ ኤንሲቲሲ 9001 ተብሎ ተቀምጧል። ያላየነውን ባክቴሪያ ከናሙና አግኝተን «ይህ ኢ. ኮላይ ነው ወይስ አይደለም?» ብለን ስንጠይቅ ዳኛው እሱ ነው። እኛ ግን የፈለግነው የመድኃኒት መቋቋም ምርመራችን በትክክል መሥራቱን የሚነግረን ባክቴሪያ ነበር፤ ለዚህ የተመረጠው ደግሞ «ሲያትል 1946» በሚል መጠሪያም የሚታወቀው ኤቲሲሲ 25922 ነው። የምርመራ መመሪያዎቹ የሚጠበቀውን ውጤት ያስቀመጡት ለዚህ ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ 10 ማይክሮግራም ጄንታሚሲን የያዘ ዲስክ ሙለር ሂንተን አጋር በሚባለው የባክቴሪያ ማሳደጊያ ምግብ ላይ ሲቀመጥ፣ በዚህ ስትሬይን ዙሪያ ባክቴሪያ ሳይበቅል የሚቀረው ክብ ከ19 እስከ 26 ሚሊሜትር ስፋት ሊኖረው ይገባል። ታይፕ ስትሬይኑን ገዝተን ያንኑ ዲስክ ብናስቀምጥበት አንድ ቁጥር እናገኝ ይሆናል፤ ቁጥሩን የምናመሳክርበት ሰንጠረዥ ግን የለንም። በመሆኑም ክብር የሚመስለውን ትተን ጥቅም ያለውን አዘዝን።

እዚህ ላይ ከጉዳዩ ሳልርቅ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ኢ. ኮላይ በስሙ የተጠራለት ሐኪም ቴዎዶር ኤሸሪክ እ.ኤ.አ. በ1885 ራሱ የለየው ስትሬይን ዛሬም በሕይወት አለ፤ በእንግሊዙ ክምችት ኤንሲቲሲ 86 ተብሎ ተቀምጧል፣ ሙሉ ጂኖሙም (አጠቃላይ የዘረመል መረጃው) እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ይሁንና የዝርያው ታይፕ ስትሬይን እሱ አይደለም። ስሙን ያስገኘው ወደ ኋላ ቀርቶ በኋላ የመጣው የስሙ ባለቤት መሆኑ፣ ለእኛ አገር የርስት ክርክር እንግዳ አይሆንም።

ወደ ሱቁ ልመለስ። አሳንሰሩ አይሠራም፤ በደረጃ ወጥቶ በቀኝ በኩል ያለውን የመስታወት በር ማንኳኳት ነው። ውስጡ ጠባብ ቢሆንም ሥርዓት አለው፤ አንድ ዲፕ ፍሪዘር፣ የሙቀት መጠኑ በየዕለቱ የሚመዘገብበት ወረቀት በፍሪዘሩ በር ላይ፣ ከዚያም የካታሎጎች መደርደሪያ። እንግዳ የምትቀበለው ወጣት ማይክሮባዮሎጂ የተማረች መሆኗ ከአነጋገሯ ይታወቃል። ያቀረብኩላት ዝርዝር ላይ «ላክቶባሲለስ ካሴይ» የሚል መስመር ስታይ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ «ዶክተር፣ ካሴይ ሲሉ የትኛውን ነው? 393ን ነው ወይስ 334ን?» አለችኝ። ዶክተር አይደለሁም፤ በዚያ ሰፈር ግን ነጭ ጋውን በፌስታል ይዞ የገባ ሁሉ ዶክተር ነውና አላረምኳትም። ያረመችኝ እሷ ናት።

ይህን ጥያቄ በዝርዝር የማነሣው የስትሬይን ምርጫ ምን ያህል ሊያወዛግብ እንደሚችል ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ ስለሆነ ነው። የላክቶባሲለስ ካሴይ ታይፕ ስትሬይን ኤቲሲሲ 393 ነው። የዘረመል ንጽጽር ሲጀመር ግን በዓለም ላይ ካሴይ እየተባሉ ሲጠሩ የኖሩት አብዛኞቹ ስትሬይኖች፣ በምርምር የታወቀውን ኤቲሲሲ 334ን ጨምሮ፣ እርስ በርሳቸው ሲቀራረቡ ከ393 ግን የራቁ ሆነው ተገኙ። ስሙ የታሰረው በ393 ላይ ስለሆነ፣ ብዙኃኑ እ.ኤ.አ. በ1989 ላክቶባሲለስ ፓራካሴይ የሚል ሌላ ስም ወጣላቸው። ይህ ያልተዋጠላቸው ተመራማሪዎች፣ ታይፑ 334 እንዲሆንና ካሴይ የሚለው ስም ለብዙኃኑ እንዲመለስ አመለከቱ። የስያሜው የዳኝነት ኮሚሽን ጉዳዩን ለዓመታት ከመረመረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው 82ኛ ውሳኔው ጥያቄውን ውድቅ አድርጎ 393 በታይፕነቱ እንዲጸና ወሰነ። ጥቂቱ ስሙን ያዘ፤ ብዙው «ፓራ» የሚል ቅጥያ ተቀብሎ ቀረ። በእኔ አስተያየት ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ታይፑ ለብዙኃኑ ምቾት ሲባል የሚቀየር ከሆነ ስም የሚታሰርበት ምሰሶ አይኖርምና። ለተጠቃሚው ግን ዋጋ አስከፍሎታል፤ ዛሬም ቢሆን በድሮ ጽሑፍ ላይ «ካሴይ» የሚለውን ያነበበ ሰው ስለ የትኛው እንደሚወራ ቁጥሩን ሳያይ ማወቅ አይችልም። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 ላክቶባሲለስ የሚባለው ሰፊ ጂነስ (ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚያቅፍ ወገን) ለ25 ተከፍሎ ሁለቱም ላክቲካሴይባሲለስ ወደሚባለው አዲስ ጂነስ ስለተዛወሩ፣ በአሁኑ ካታሎግ ላይ በድሮ ስማቸው የሚፈልጋቸው ሰው ገጽ ሲያገላብጥ ይውላል።

እኛ ከእርጎ ናሙናዎች ለይተን ያስቀመጥናቸውን ጥቂት ባክቴሪያዎች ከእነዚህ ከሁለቱ ጋር ጎን ለጎን ለማሳደግና የስኳር አጠቃቀማቸውን ለማነጻጸር ነበር ሐሳባችን። የልጅቷ ምክር አጭር ነበር፤ 334 የታወቀ ቢሆንም የማንም ዝርያ ታይፕ ስላልሆነ፣ ጥያቄያችሁ የስም ጥያቄ ከሆነ የካሴይን ታይፕ 393ንና የፓራካሴይን ታይፕ ኤቲሲሲ 25302ን ውሰዱ አለችን። ሦስቱንም ልትሸጥልን ስትችል ሁለቱን ብቻ መሸጧን ልብ ይሏል። እንዲያውም ምርመራው በጂኖም ብቻ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ የታይፕ ስትሬይኖቹ ጂኖም በነጻ የመረጃ ቋቶች ስለሚገኝ አምፑል መግዛት እንደማያስፈልገን ጨምራ ነገረችን። ይህ እውነት ነው። የሁለት ጂኖሞች አማካይ ተመሳሳይነት ከ95 እስከ 96 በመቶ ካለው ወሰን በላይ ሲሆን አንድ ዝርያ ናቸው የሚለው መለኪያ ትርጉም የሚኖረው ንጽጽሩ ከታይፕ ስትሬይኑ ጋር ሲደረግ ነው፤ በዘፈቀደ ከተመረጠ ስትሬይን ጋር ቢነጻጸር መቀራረብን እንጂ ስምን አይነግርም። ብዙዎቻችን የምንተማመንበት የ16ኤስ ዘረመል ደግሞ በእነዚህ ሁለት ዝርያዎች መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ጠባብ በመሆኑ ብቻውን አይለያቸውም፤ በዚህ ዘረመል ብቻ «ካሴይ ነው» ተብሎ የተጻፈ ሪፖርት ሲያጋጥመኝ በጥርጣሬ ነው የማየው።

አራተኛው አምፑል ነው ያስቀየመን። ከበርበሬና ከቅመማ ቅመም ናሙናዎች የምናገኛቸውን ስፖር ሠሪ ባክቴሪያዎች ለማነጻጸር የባሲለስ ሰብቲሊስን ታይፕ ስትሬይን አዘዝን፤ ቁጥሩ ኤቲሲሲ 6051፣ በጀርመኑ ክምችት ዲኤስኤም 10 ነው። በፕሮፎርማው ላይ «ባሲለስ ሰብቲሊስ፣ ኤቲሲሲ» ብቻ ተጽፎ ቁጥሩ ቀርቶ ነበር፤ እኔም ሳላስተውል ፈርሜበታለሁ፣ ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ዕቃው ሲመጣ ግን አምፑሉ ላይ ያለው ቁጥር 6633 ነበር። አብሮት የመጣው ሰርተፊኬት ደግሞ ባሲለስ ስፒዚዜኒ ይላል። የመጀመሪያ ጥርጣሬያችን አምራቹ የተሳሳተ ባክቴሪያ ላከ የሚል ነበር፤ አምራቹ ግን አልተሳሳተም። 6633 በመድኃኒት ምርመራ ለዘመናት «ባሲለስ ሰብቲሊስ» እየተባለ ሲያገለግል የኖረ፣ በፋርማኮፒያዎች (በመድኃኒት ጥራት መመዘኛ መጻሕፍት) ስሙ የሰፈረ ሬፈረንስ ስትሬይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በሰብቲሊስ ሥር ስፒዚዜኒ የሚባል ንዑስ ዝርያ ተለየ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ንዑስ ዝርያው ራሱን የቻለ ዝርያ ሲሆን 6633ም አብሮ ተሻገረ። ባክቴሪያው ያው ነው፣ ቁጥሩም ያው ነው፣ የሚሠራው ሥራም ያው ነው፤ የተቀየረው ስሙ ብቻ ነው። የሬፈረንስ ስትሬይን ጠባይ ይህ ነው፤ ስሙ በላዩ ላይ ስላልታሰረ ምደባው ሲሻሻል ከአንዱ ስም ወደ ሌላው ሊሄድ ይችላል። 6051 ግን የቱንም ያህል ክፍፍል ቢመጣ ሰብቲሊስ የሚለው ስም እሱ ካለበት አይለይም። ለእኛ የስም ጥያቄ የሚያስፈልገውም ይህ ጽናቱ ነበር።

ቅሬታችንን ይዤ ስሄድ ያነጋገሩኝ የግዢ ኃላፊው ነበሩ፤ በዕድሜ የገፉ ጨዋ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ያዘዝነው 6051 ነው» ስላቸው፣ «ልጄ፣ ሁለቱም ሰብቲሊስ ናቸው፤ ይኼኛው እንዲያውም በብዛት የሚሸጠው ነው» አሉኝ። መጥፎ ሐሳብ አልነበራቸውም፤ 6051 ለማምጣት ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ የቀረበውን በማምጣት የረዱን መስሏቸዋል። ነገር ግን ሰርተፊኬቱን ራሱን ሳሳያቸው ሰብቲሊስ የሚል ቃል አጡበት። በዚህ ዝርያ ላይ ይህ ዓይነት ግራ መጋባት የመጀመሪያው አለመሆኑን ስነግራቸው ሣቁ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት «ሰብቲሊስ» ተብለው የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ስትሬይኖች፣ የማርበርግና የሚሺጋን የሚባሉ፣ በየላቦራቶሪው ሲዘዋወሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ለንደን ላይ የተካሄደው ሁለተኛው ዓለም አቀፍ የማይክሮባዮሎጂ ጉባኤ የማርበርጉን ታይፕ አድርጎ ተቀበለ። የሚሺጋኑ ባሲለስ ሴሪየስ ሆኖ ተገኝቷል። ዛሬ 6051 ብለን የምናዘው ያንን የማርበርጉን ነው። ኃላፊው በመጨረሻ እንተካላችኋለን አሉ፤ የማጓጓዣውን ግማሽ ግን እኛ እንድንከፍል ጠየቁ። ፊርማዬ ያረፈበት ወረቀት ላይ ቁጥር ስላልነበረ ሙሉ በሙሉ ልከራከራቸው አልቻልኩም።

የቀረውን ባጭሩ ላስኬደው። ዕቃው ከቅድመ ክፍያ በኋላ በሰባት ሳምንት ደረሰ፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ጊዜ የውጭ ምንዛሪ ሲጠበቅና ቦሌ ጉምሩክ ላይ ያለፈ እንጂ አውሮፕላን ላይ ያለፈ አልነበረም። ዋጋውን አልጽፍም፤ ከምንዛሪው ጋር ስለሚለዋወጥ ይህን የሚያነብ ሰው ሲደርስበት ሌላ ይሆናል። በደረሰኝ ላይ የበረዶ ማሸጊያ ለብቻው ተቆጥሮ ማየቴ አላስደሰተኝም፤ በቅዝቃዜ የደረቀ አምፑል በተራ ሙቀት ለመጓዝ የተሠራ ስለሆነ አያስፈልገውም ነበር። ሰነዶቹ ግን እጅግ ጥሩ ነበሩ። ለእያንዳንዱ አምፑል የምርት መለያ ቁጥርና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ያለው ሰርተፊኬት አብሮ መጥቷል፤ ከሁሉ የወደድኩት ደግሞ አንዱ ስትሬይን በተለያዩ ክምችቶች የያዛቸውን ቁጥሮች የሚያሳይ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ መያዙን ነው። ኤቲሲሲ 25922፣ ኤንሲቲሲ 12241 እና ዲኤስኤም 1103 አንድ ስትሬይን መሆናቸውን፣ ለሁሉም የሚያገለግለው የዓለም ክምችቶች የጋራ ቁጥር ደግሞ 00013 መሆኑን ይዘረዝራል። የአክሪዲቴሽን ገምጋሚ ሲመጣ ይህች አንድ ገጽ ብዙ ክርክር ታስቀራለች። ከአሜሪካው ክምችት ዕቃ ሲጠፋ ከጀርመኑ ማዘዝ እንደሚቻልም ለደንበኛው በጨረፍታ ታሳየዋለች።

አምፑሎቹን የከፈትናቸው በሰነዱ መሠረት ነው። ኢ. ኮላዩ በአንድ ሌሊት በሚገባ በቀለ፤ ከላይ የጠቀስኩት የጄንታሚሲን ክብ 22 ሚሊሜትር ሆኖ ተለካ። ሁለቱ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ቀስ ቢሉም ንጹሕ ሆነው ወጡ። ከመጀመሪያው ዕድገት ላይ በግሊሰሮል አድርገን በትናንሽ ቱቦዎች አስቀመጥን፤ የፋርማኮፒያው ደንብ ከዋናው ክምችት ጀምሮ ከአምስት ፓሴጅ (ባክቴሪያውን ወደ አዲስ ምግብ ማሸጋገር) በላይ እንዳይኬድ ስለሚል፣ ለየሳምንቱ ሥራ ከአንዱ ፕሌት ወደ ሌላው እያሸጋገሩ ለዓመታት መኖር አይፈቀድም። ይህን የምለው በከተማችን «ያንተን ኤቲሲሲ ትንሽ ቆርሰህ ስጠኝ» የሚባል ልማድ ስላለ ነው። ስንት ጊዜ እንደተሸጋገረ የማይታወቅ ባክቴሪያ ቁጥሩን ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ የቁጥሩን ጠባይ ይዞ መምጣቱን ግን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። የዚህ ሱቅ ዋጋ ውድ ነው የሚል ሰው ይህንንም ከሒሳቡ ማስገባት አለበት።

ሱቁ በግድግዳው ላይ ባለው ማስታወቂያ «ባክቴሪያዎችን ወደ ውጭ ክምችቶች እንልካለን» የሚልም አገልግሎት ጠቅሷል። ይህንን አልሞከርኩትም፤ አዲስ ዝርያ አግኝቻለሁ ብሎ ሊሰይም ያሰበ ተመራማሪ ግን ወደ እነሱ ከመሄዱ በፊት ሁለት ነገር ማወቅ ይኖርበታል። የመጀመሪያው የስያሜው ደንብ ነው፤ አዲስ ዝርያ ሲሰየም ታይፕ ስትሬይኑ በሁለት የተለያዩ አገሮች በሚገኙና ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቢያንስ ሁለት ክምችቶች መቀመጥ አለበት፤ ሌላው ተመራማሪም ሲጠይቅ ያለ ገደብ ማግኘት መቻል አለበት። በአገራችን ከቦሎቄ ሥር ኖጁል ተለይቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ራይዞቢየም ኤትዮፒከም ተብሎ የተሰየመው ባክቴሪያ ታይፕ ስትሬይን በዚሁ መንገድ በአውሮፓ ክምችቶች ተቀምጧል። ሁለተኛው የራሳችን ሕግ ነው፤ የጄኔቲክ ሀብትን ስለማግኘት የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ረቂቅ ሕዋሳትንም ስለሚሸፍን፣ የአገር ሀብት የሆነን ባክቴሪያ ከአገር ለማስወጣት የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። አንዱ ደንብ ያለ ገደብ ይሰጥ ሲል ሌላው በፈቃድ ይውጣ ይላል፤ ሁለቱን ማስታረቅ ደብዳቤና ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው እንጂ ሳጥን አሽጎ በመላክ የሚያልቅ አይደለም። ልጅቷን ስለ ፈቃዱ ስጠይቃት ፈቃዱን የሚያወጣው ደንበኛው መሆኑን ነገረችኝ። ማስታወቂያው ላይ ግን ይህ አልተጻፈም፤ ቢጻፍ ይሻላል።

ወደዚህ ሱቅ ለሚሄድ ሰው ምክሬ፣ ትእዛዙን ለተቀባይዋ በቃል አስረድቶ እንዳይወጣ ነው። የፈለገውን ስትሬይን ቁጥር ከነክምችቱ ምህጻረ ቃል በፕሮፎርማው ላይ እስኪያየው ድረስ አይፈርም፤ «ወይም ተመሳሳዩ» የሚል ሐረግ ካለበት ደግሞ ተመሳሳይ የሚባለው በየክምችቱ ሌላ ቁጥር የያዘው ያው ስትሬይን ብቻ መሆኑን ጎኑ ላይ ያስጽፍ። ለጥራት ቁጥጥር የሚገዛ ሰው መመሪያው የጠቀሰውን ቁጥር ይዞ ቢሄድ ሌላ ጥያቄ አያስፈልገውም። ለመለየትና ለመሰየም የሚገዛ ሰው ግን ከልጅቷ ጋር ሩብ ሰዓት ቢቀመጥ አይጸጸትም።

6051 እስካሁን አልደረሰም። ባለፈው ሳምንት ደውዬ ስጠይቅ ዕቃው ከጀርመን በዲኤስኤም 10 ቁጥር እንደተገዛና ጉምሩክ እንደገባ ነገሩኝ፤ የላኩልኝ አዲሱ ፕሮፎርማ ላይም ከስሙ በፊት የቁጥሩ ዓምድ ተጨምሮ አይቻለሁ። 6633ን አልመለስነውም፤ ስሙን በአዲሱ አርመን በፍሪዘሩ ሁለተኛ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠነዋል።